አበባ ላይ ተቀምጬ የሰማሁት

ልጅ ሳለሁ ቢቸና ውስጥ የሆነውን ነው የምጽፈው። አንዲት ቃል ከራሴ ጨምሬ ከሆነ እኔ ልሙት፤ ይህ ብዕርም እጄ ላይ ይድረቅ። ገና ከጅምሩ መማሌ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ርዕሱን ሲያዩ መሳቅ እንደሚጀምሩ ስለማውቅ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበሩ። አዲስ አበባ፣ የዕፀዋት ቤት በሚባል ቦታ ለዓመታት ሠርተው፣ ዓይናቸው ሲደክም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሥራቸው የደረቀ ሣርና አበባ ወፍራም ወረቀት ላይ በመርፌና በክር መስፋት ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው «ቅጠል እሰፋ ነበር» ይላሉ፤ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥና «አይ አዲስ አበባ! ጨርቅ ጠፍቶ ነው ቅጠል የሚያሰፉ?» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ግን አልተውትም። ሲመጡ ሁለት የዋንዛ ሳንቃ፣ ገመድና አንድ እስር አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ነበርና፣ በቢቸና ዙሪያ ያለውን የእነማይን ሜዳ እየዞሩ ያገኙትን ይለቅማሉ፣ በጋዜጣ መካከል ይዘረጋሉ፣ በሳንቃ ያጣብቃሉ። ከዚያ ከባድ ነገር ይጫንበታል።

ድንጋይ በማይጠፋበት አገር ከድንጋይ እኔን መረጡ። ምክንያት ነበራቸው፤ የክረምት ድንጋይ ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ልጅ ግን ይሞቃል። «ና እስቲ ድንጋዬ፣ ተጫን» ይሉኛል፤ እኔም ሳንቃው ላይ ወጥቼ እቆናጠጣለሁ። በመቀመጫዬ ያልተዳጠ የእነማይ ሣር የለም ብል አላጋነንኩም።

ያኔ ቢቸና መብራት አልገባም ነበር። አመሻሹ ላይ ከብቱ ገብቶ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ እርጥቡ የባሕር ዛፍ እንጨት ከእሳት ይልቅ ጭስ እየሰጠ ዓይናችንን ሲያስለቅስ፣ የኩራዙም ነበልባል ከበሩ ስንጥቅ በሚገባው ነፋስ ጎንበስ ቀና ሲል፣ እትዬ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ያወሩልኛል። ዝም ካሉ እንደምነሣ ያውቁ ነበር። ሌሎች ልጆች ተረት የሚነገራቸው እንዲተኙ ነው፤ ለእኔ ግን የሚነገረኝ እንድከብድ ነበር። ወሬው ሲጣፍጥ ክብደቴ ሲጨምር ይታወቀኛል፤ እንዲያውም አንድ ምሽት ከሥሬ የነበረው መደብ ተሰንጥቋል።

በባሕር ማዶ፣ ዱሮ፣ ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ጎረምሶች የሚያድነውን ቅጠል ከሚገድለው እየቀላቀሉ አገሩን ሊፈጁት ሆነ አሉ። መምህራኑ መከሩና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ መሬት አስቆፍረው መድኃኒቱን ሁሉ በየመደቡ ተከሉት፤ ተማሪውም መጽሐፉን ዘግቶ ወጥቶ፣ አሽትቶና ዳስሶ ይፈተን ጀመር። መጽሐፉማ የታመነ አልነበረም። የሚገለብጠው ሰው ሥዕሉንም ይገለብጣል፤ ሥዕል ከሥዕል ሲቀዳ፣ ደግሞ ሲቀዳ፣ ቅጠሉ ጆሮ አወጣ፣ ሥሩ ጣት አበቀለ። በመጨረሻ አንድ መምህር ሥዕሉ ይቅርብኝ ብሎ ራሱን ተክሉን በወረቀት መካከል አድርቆ ለጠፈው። ውጭ በረዶ ሆኖ አንድ ቅጠል በማይታይበት ወር እንኳ ገልጠው ያዩታልና፣ የክረምት አትክልት ብለው ስም አወጡለት። ነገሥታቱም በዚህ ቀኑ፤ እያንዳንዱ ያትክልት ቦታና የደረቀ ቅጠል ማኖሪያ ቤት ማሠራት ያዘ፣ መርከብም እየላከ ከዓለም ዳርቻ ያስለቅም ጀመር። በአንዱ መርከብ ላይ ችግኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ውሃ ቢያልቅ የሚጠጣውን ለችግኙ እያካፈለ ባሕሩን እንደ ተሻገረ ሲነግሩኝ፣ እትዬ የራሳቸውን ጉሮሮ ይይዙ ነበር።

ከሁሉ የምወደው የተቃጠለውን ቤት ወሬ ነው። በጦርነት ጊዜ ትልቅ የዕፀዋት ቤት ላይ እሳት ወደቀ፤ የስንት ትውልድ ልፋት አመድ ሆነ። ሠራተኞቹ አልቅሰው ሳይጨርሱ ግን ከዚህም ከዚያም ሣጥን ይመጣላቸው ጀመር። ለካ የዱሮዎቹ ለቃሚዎች ሲለቅሙ ሁለት ሁለት ነበር፤ አንዱን ለቤታቸው አስቀርተው ሌላውን በሌላ አገር ላለ እኅት የዕፀዋት ቤት ይልኩ ነበር። «ስለዚህ ድንጋዬ፣ ምንጊዜም ሁለት ነው የሚለቀመው» ይሉኛል፤ እኔም ከላይ ሆኜ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

አዲስ አበባ ሲሰናበቱ አለቃቸው «ጥሩነሽ፣ የጎጃም መሳቢያችን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አገርሽ ስትገቢ አስቢን» ብሏቸው ነበር። ይህቺ ቃል ሆዳቸው ውስጥ ገብታ ታንገበግባቸዋለች። እናም አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከከተማው በታች ካለው ረግረግ መስክ ላይ እኔን አስከትለው ሲዞሩ ድንገት ቆሙ። ከጭቃው መካከል እንደ ጣት ቀጥ ያሉ፣ ከታች እስከ ጫፍ ትንንሽ ቢጫ አበባ የደረደሩ ተክሎች እዚያና እዚህ በቅለዋል። ያን ሁሉ ዓመት ቅጠል የሰፉት እትዬ እነዚህን አያውቋቸውም።

የመስኩ ባለቤት አድማስ እዚያው ዶማ ይዞ ቦይ ይቆፍራል፤ ውሃውን አፍስሶ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው።

«አድማስ፣ እስቲ ለጥቂት ቀን ተወው። ዘራቸው ይብሰል።»

«እትዬ፣ ለሣር ብዬ ልጆቼን ላስርብ? ባሕር ዛፉ ቤትም ነው፣ ማገዶም ነው።»

«ይቺን ጥግ ብቻ።»

«ጥጓማ ዋናዋ የውሃው መውጫ ናት እኮ!»

አንዷን ከነሥሯ እንደ ነቀሉ ዝናቡ ዘነበብን፤ ሁለተኛዋን ነገ ብለን ሮጥን። በነጋውም ዘነበ፣ ከነገ ወዲያም ዘነበ። የኖኅ ዘመን ዝናብ ከዚያኛው አጠገብ ካፊያ ነበር። ሲያባራ ብንወርድ መስኩ በአድማስ ዶማ ተገልብጦ ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ አንዲት አበባ የለችም። ቤት ያለችው አንዷ ብቻ ቀረችን።

እኔም ከላይዋ አልነሣም አልኩ፤ ቁርሴንም እራቴንም እዚያው በላሁ። ግን በዚያ እርጥበት መድረቅ እምቢ አለች፤ ሻጋታ ሳይቀድማት ብለው እትዬ በጋዜጣ ጠቅልለው ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አስቀመጧት። ቆጡ ላይ የእናቴ ጌሾ እንዲደርቅ ተሰጥቶ ነበር፤ የአባቴ የማኅበር ተራ ስለ ደረሰ ጠላ ሊጠመቅ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ደብሬ ሊያግዙ መጡ፤ ሙቀጫውን ይዘው ቆጡ ላይ ያገኙትን ደረቅ ቅጠል ሁሉ ወቀጡት። እትዬ ወረቀት ሊቀይሩላት ሲነሡ ጥቅሉ የለም።

«ደብሬ፣ እዚህ የነበረው ጋዜጣ የታለ?»

«ይኸው፣ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ። በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ጌሾው? ጋን ገባ እንጂ! በወረቀት ጠቅልለሽ ከጭስ ስትከልዪው ጊዜ፣ አይ አዲስ አበባ የኖረ ሰው፣ ብዬ ሳደንቅሽ ነበር።»

እትዬ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እናቴ ደግሞ ሮጣ ጋኑን ከደነችው። «እትዬ፣ ሰው ይገድል ይሆን?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። እኔስ የምፈልጋት ለዚሁ አልነበር?» አሉና ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ፍሙን ማየት ጀመሩ። ያን ምሽት ወሬ አልነበረም። «ያን ሁሉ ስነግርህ ከርሜ፣ ራሴ አንድ ለቀምሁ» ያሉኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

የማኅበሩ ዕለት አባቴ ጠላው ውስጥ የገባውን ሳይደብቅ ተናግሮ ውሃ አቀረበ። ማኅበርተኛው ጋኑን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ የማኅበሩ መሪጌታ «ያን ያህል እህል የወጣበት ጠላ አይደፋም። እኔ ልቅደም፤ ከሞትኩ አትጠጡ» ብለው ባርከው ጨለጡት። ጠበቅናቸው። አልሞቱም። ይልቁንም ዜማ አነሡ፤ የጣራችን ምስማር እስኪላወስ ድረስ፤ ከተሾሙ ወዲህ ስቀው የማያውቁት ሰውዬ ተነሥተው አሸበሸቡ። ሁሉም ተከተላቸው።

መሪጌታው ረጋ ሲሉ «ለመሆኑ፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ የጠጣነው ምን ይመስል ነበር?» አሉ። እትዬም ከሰል አንሥተው ወለሉ ላይ ሣሉላቸው። መሪጌታው ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ይቺንማ አውቃታለሁ! ሞጣ ቅኔ ስማር፣ ከደብሩ ቅጽር ውስጥ፣ ከጠበሉ በላይ ነበረች። ቅኔው እምቢ ሲለኝ እሷን እያየሁ ነበር የምቀመጥ።»

በሳምንቱ ሞጣ ወረድን። አባቴ እኔን ቤት ሊያስቀረኝ ሲል «ድንጋዬን ትቼ ምን ልሠራ?» አሉት። ከጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ስንጓዝ፣ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ጭቃው መኪናውን እስከ ሾፌሩ አንገት ዋጠው፤ ሾፌሩ ከጭቃው በላይ ጥሩምባውን እያሰማ ነበር የአገሩ ሰዎች ያወጡን።

ደብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እርሻው እስከ ቅጽሩ ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ ከድንጋዩ ካብ ወዲያ ግን ጽዱና ወይራው ተቆላልፎ ቀኑን አመሻሽ ያስመስለዋል። ከጠበሉ በላይ፣ እርጥቡ ሣር ውስጥ፣ አበቦቹ ቆመዋል። እትዬ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ግን ከዚያ ቅጽር ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነውና የደብሩን አለቃ አስጠሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«አባቴ፣ ከዚህች አበባ ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«ለታመመ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ልጄ?»

«እንድትቀመጥ።»

«ተቀምጣ የለም እንዴ? ማን ነካት?»

«ቢቸናም ተቀምጣ ነበር፤ አሁን ባሕር ዛፍ ሊተከልባት ነው» አሉና ስለ መስኩ፣ ስለ ጋኑም ሳይደብቁ ነገሯቸው። አለቃው በጋኑ ጺማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን መለሱ።

«የምትወስጂበት ቤት ማን ይጠብቃታል?»

«ይህንኑ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ በፊት የነበሩት ያኖሩትን ይጠብቃሉ፤ ሲያረጁ ለሌላ ያስረክባሉ።»

«እንደኛ ናቸዋ። ቤቱ ቢቃጠልሳ?»

«ለዚህ ነው ሁለት የሚለቀም። ሁለተኛዋ ሌላ ቤት ትቀመጣለች።»

«የማን ቤት?»

እትዬ የደብሩን እቃ ቤት በር አዩ። አለቃውም ዞረው አዩት።

«የደረቀ አበባ ከንዋየ ቅድሳት ጋር!» አሉ፤ ከዚያ በመቋሚያቸው አበቦቹን አመለከቱ። «በይ ሁለት ቁረጪ። ሥሩን ግን እንዳትነኪ። ሥሩ የፈጣሪ ነው፤ ከርሞም ያብባል።»

ሥር የሌለው ተክል በዕፀዋት ቤት እግር እንደሌለው ሰው መሆኑን እትዬ ያውቁ ነበር። አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ተንበርክከው፣ ሁለት ቆረጡ።

እስኪደርቁ ሞጣ ሰነበትን፤ እኔ ከሁለቱም በላይ ተቀመጥሁ። አመሻሽ ላይ አለቃው ወደ ማደሪያችን እየመጡ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የእትዬን ወሬ ይሰሙ ጀመር። ለችግኙ ውሃውን ያካፈለውን ሰውዬ ሲሰሙ «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ በተራቸው የጽዶቹን ወሬ አመጡ፤ የትኛውን የትኛው ባሕታዊ ተከለው፣ በየትኛው ክፉ ዘመን ለማገዶ ሊቆርጡት መጥረቢያ ይዘው መጡ፣ የትኛዋ መነኩሲት ግንዱን አቅፋ አስቀረችው። ፍሙ እየከሰመ ሁለቱ ሲቀባበሉ፣ የባሕር ማዶው ንጉሥና የሞጣዋ መነኩሲት በእኔ ራስ ውስጥ ጎረቤት ሆኑ፤ እስከ ዛሬም አልተለያዩም። መመለሻችን ሲደርስ አለቃው የደረቀችውን አንዷን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ እቃ ቤቱን ራሳቸው ከፍተው አስገቧት።

ሌላዋን፣ እትዬ ወረቀት ላይ ሰፍተው ለዕፀዋት ቤቱ የላኳትን፣ እኔ ካረጀሁ በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ አየኋት። አንዲት ወጣት መሳቢያ ከፈተችልኝ፤ የጎጃሙ መሳቢያ ዛሬ ባዶ አይደለም፣ ሲከፈት እንደ በር ይከብዳል። የእትዬን ክር ወዲያው ለየሁት፤ ጥብቅ፣ አጭር፣ የማይዝረከረክ። ወጣቷ «ሥር የላትም፤ ለቃሚዋ ቸኩለው ይሆናል» አለችኝ። «ሥሯ ሞጣ ነው፤ በአደራ» አልኳት። ግራ ገባት፤ እኔም አላብራራሁም። ልጅ ሆኜ የንጉሥ ሥራ ይመስለኝ የነበረው ነገር፣ አንዱ ቤት ባለመንካት፣ ሌላው ቤት በመስፋት፣ ለማያውቁት ሰው ብለው ዝም ብለው የሚያኖሩ ሰዎች ሥራ ነበር። እኔም በአቅሜ ተጭኜበታለሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ልናዘዝ። በወረቀቱ ላይ ያለችው አበባ እንደ ደረቀ ትምባሆ ቡናማ ሆናለች፤ ቀለም እንደማይቆይ ወጣቷ ነገረችኝ፣ እትዬም ጥግ ላይ በጻፉት ውስጥ ቀለሟን አላነሡም። እኔ በሕይወት ሳለች ያየኋት ሰውዬ ደግሞ ባስብ ባስብ ቀለሟ አልመጣልኝ አለ። ቢጫ ያልኩት ከራሴ ነው። ክረምት ሲወጣ ሞጣ ሂዱና ከጠበሉ በላይ እዩ፤ ነጭ ሆና ካገኛችኋት ግን ለእኔ አትንገሩኝ።