ሀፍሷና የትምህርት ቤቱ በር

ሸማ ተራ ነጠላ የምትቋጨውን ሀፍሷን የማያውቅ የለም። ምላሷ ምላጭ ነው፤ እግሯ ግን በልጅነቷ ስለሰለለ የምትሄደው በክራንች ነው። ሰሞኑን ታዲያ «ክር ልግዛ» እያለች በየቀኑ መሳለሚያ ትመላለሳለች። የምን ክር! ክሩ እዚሁ አፍንጫዋ ሥር ሞልቶ! የምትሄደው እዚያ ያለው ትምህርት ቤት በር ላይ ለመቆም ነው። ድሮ በደረጃ ብቻ ይወጣበት የነበረው ትምህርት ቤት፣ አሁን በክራንች የሚወጣበት ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ ሠርቶ፣ ግድግዳው ላይ «ማንም ልጅ አይቀርም» ብሎ ጽፏል አሉ።

አንድ ቀን ዘበኛው ሙናዊር ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ ሀፍሷ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አላት።

«የልጅ ልጄን።» ጉድ እኮ ነው፣ ልጅ እንኳ ሳትወልድ!

«ስም ይንገሩኝና ልጥራልዎት።»

«ሀፍሷ ነው። ሦስተኛ ክፍል ናት።»

ሙናዊር ገብቶ ጠይቆ ተመለሰ። «ኧረ እትዬ፣ ሦስተኛ ክፍል ሀፍሷ የምትባል ልጅ የለችም!»

«ነበረች» አለች ሻርፗን እያስተካከለች። «አባቷ በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ያወጣት ነበር። እሱ ሲሞት፣ የሚያወጣት አጥታ ቀረች።»

ሙናዊር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«እንዳትነካኝ» አለችው። «ራሴ ልውጣው።»