ከዚያ ወንዝ እንዳትጠጡ

ሽማግሌውን ጠልቼው ነበር፤ ዛሬም አልወደውም። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የተፋብኝንም፣ የቆነጠጠኝንም፣ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ያለኝንም ይቅር ብያለሁ። እሱን ግን ልቤ እምቢ አለኝ።

ከአልጋው ራስጌ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፈረስ ላይ የተቀመጠው፣ ደረቱን ሜዳሊያ የሞላው ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጣሊያን ጦር የበላይ አዛዥ የነበረ ጄኔራል ነው። ልጓሙን የያዘው ቀጭን ወታደር ደግሞ የሽማግሌው አባት ነው። አባትየው የጄኔራሉን የሹመት ታሪክ በልጅነቱ አስጠንቶታል። የገዛ ሴት ልጁን ስም የሚረሳው ሽማግሌ ይህን አንድም ቀን አይስትም። ጄኔራሉ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የጦር ትምህርት ቤት ገባ። የመድፈኛ መቶ አለቃ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሩ ሲፈርስ ጥፋቱ የሌሎች ተባለ፣ እሱ ተሾመ። ከዚያ የጦሩ ሁሉ አለቃ። ከዚያ አፍሪካ። ሽማግሌው አፍሪካ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጎላል። «መንገድ ሠራላችሁ» ይለኛል፣ ጎንበስ ብዬ እግሩን እያጠብኩት።

እኔ ደግሞ የአባቴን እግር አውቃለሁ። አባቴ የወሎ ሰው ነው። በስምንት ዓመቱ፣ በዚያ የጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እናቱን ተከትሎ ወንዝ ሲሻገር ከጉልበቱ በታች ቆዳው ተልጦ ወረደ። በዋዜማው አውሮፕላን በወንዙ ላይ መርዝ ረጭቶ አልፎ ነበር። እናቱ ከውሃው ጠጥታ ስለነበር በሦስተኛው ቀን ሞተች። አባቴ አርጅቶ እንኳ ሰው ፊት ካልሲውን አውልቆ አያውቅም። እግሩን ያየሁት ታሞ አልጋ ሲይዝ ነው፤ ያጠብኩትም እኔ ነኝ።

ሜልተን ከሚባል ሰፈር የሚመጡ አንዲት የሥራ ባልደረባ አሉኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ታላቅ እህት ናቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ያንን ሩም ስዋፕ ያድርጉኝ» አልኳቸው።

«ስዋፕ ባደርግሽ ልብሽ ይቀየራል? ይቅር በይውና ጸልይለት።»

«አልችልም። ጌታም ያውቃል።»

ክፍሉን አልለወጡኝም፤ እዚያው ኮሪደር ላይ ጸለዩልኝ።

ዘጠና ሦስተኛ ልደቱ ሲቃረብ አለቃችን የሕይወት ታሪኩን በደብተር እንድጽፍለት አዘዘችኝ። ለሁሉም እንዲህ ይደረጋል፤ ልደት ሲሆን ቤተሰብ ያነበዋል። ሕጉ አንድ ነው፦ እሱ ያለውን መጻፍ፣ ከራስ ምንም አለመጨመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ የሹመት ታሪክ ሲደግምልኝ ሰለቸኝና «ይህን ሰው ግን ለምንድን ነው እንዲህ የምትወደው?» አልኩት።

«ወታደሮቹን እንደ ልጆቹ ስለሚያይ» አለ። «አፍሪካ ውስጥ ውሃ ጥም ሊጨርሳቸው ሲል ትእዛዝ ላከ። ከዚያ ወንዝ እንዳትጠጡ፣ እግራችሁንም እንዳታስገቡ፣ ንጹሕ ውሃ በበርሜል ይመጣላችኋል አለ። አባቴ ይህን ሲያወራ ያለቅስ ነበር። በሕይወት የተመለሰው በእሱ ነው።»

ያው ወንዝ ይሁን ሌላ አላውቅም። ጄኔራሉ ግን ያውቅ ነበር። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ አውቆ፣ ለማን እንደሚነገር ለይቶ ነበር። ደሜ ፈላ። ሽማግሌው ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩና ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «አባቴና እናቱ እንዲህ ያለ ወንዝ ውስጥ ገቡ። የነገራቸው ሰው አልነበረም።» ሥራዬን እንደሚያሳጣኝ አልጠፋኝም። ነገር ግን ስለ አባቴ እግር በዓለም ላይ የተጻፈ ሌላ መስመር አልነበረም።

በልደቱ ቀን ሴት ልጁ በሰው ሁሉ ፊት አነበበችው። የወንዙ ትእዛዝ ላይ ስትደርስ ዘመዶቿ አጨበጨቡ። እሷም በዚያው ቀጥላ የእኔን መስመር አነበበች፤ የምታነበው የገባት ከጨረሰች በኋላ ነው።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ የኬኩን ሳህኖች እንደያዝኩ።

አለቃችን ተጠግታ በጆሮዬ ነገረችኝ። ገጹን አሁኑኑ ቀድጄ ቤተሰቡን ይቅርታ ካልጠየቅሁ ከነገ ጀምሮ ሺፍት የለኝም። ሳህኖቹን አስቀምጬ ደብተሩን ከሴት ልጁ እጅ ተቀበልኩ። እውነቴን ነው፣ ልቀድደው ነበር። የገጹን ጫፍ ይዣለሁ።

ያኔ ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። እሱን ባጠብኩበት ሁለት ዓመት ውስጥ ፊቴን በደንብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ለምን ገቡ?» አለ ተቆጥቶ። «እንዳይገቡ ትእዛዝ ነበር እኮ!»

ገጹን ለቀቅኩት። ደብተሩን እንደተከፈተ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና የሥራ መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ከኬኩ አጠገብ አኖርኩ።