ደጋግማ የሞተችው አክስት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ብዙ ኪስ ያለው ሰማያዊ ሰደርያ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያና አንድ ጥቅል ትልልቅ ነጭ ወረቀት ሰጡኝ። መታወቂያው «የማኅበረሰብ አገናኝ» ይላል። ጅቡቲ ከተማ ዳር ባለው የባልባላ ሰፈር ውስጥ ግን በዚህ ማዕረግ የጠራኝ ሰው የለም። ሐበሾቹ «ራሔል የቢሮዋ» ይሉኛል፤ የአገሩ ሰዎች ደግሞ «ሰደርያዋ ሴትዮ»።

ጅቡቲ የመጣሁት ከባድ መኪና ከሚነዳው ባለቤቴ ጋር ነው። ፈረንሳይኛውን ትራንዚት ቢሮ ስሠራ፣ ሶማልኛውን ከጎረቤቶቼ ጋር ስጨቃጨቅ ተማርኩት። የቀጠረኝ የውጭ ድርጅት ሥራውን «የሰፈር ደህንነት» ይለዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስለ ደህንነት ባለሥልጣን ብቻ አትጠይቁ፣ የሚፈራውን ሰው ራሱን ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት ነው። በዚህ ሐሳብ ዛሬም አምናለሁ። ቂሜ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ዋራበሌ በሚባለው መንደር፣ እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ፔካ 12 ላይ ለሹፌሮች ምግብ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ የጭነት መኪና ሞተር የሚያስንቅ ሴት ናት። ከቤቷ አንዱን ክፍል በየሰው ቤት ተቀጥረው ለሚያድሩ የአገሯ ልጆች ትታላቸዋለች። ዓርብ ዓርብ እረፍታቸው ነው። ይመጣሉ፣ ጸጉራቸውን ይሠራሉ፣ አገር ቤት ይደውላሉ፣ ከሁሉም በላይ ይተኛሉ።

ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግቼ የሰፈሩን ካርታ አስነደፍኳቸው። ከዚያ ቀያይ ክቦች አደልኩና የሚያስፈራችሁ ቦታ ላይ ለጥፉ አልኳቸው። የጠበቅኩት ጨለማ መንገድ፣ የውሃ መቅጃና የሚኒባስ መቆሚያ ነበር። እነሱ ግን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተቀጥረው የሚያድሩባቸውን የባሕር ዳር ቪላዎች ሣሉና ክቦቹን እዚያ ደረደሯቸው። ሉባባ የምትባል የወሎ ልጅ ወጥ ቤቱን ለብቻው ሣለችና የቀራትን ክብ እሱ ላይ ለጠፈች።

አብሮኝ የመጣው ባለሙያ ጥያቄው አልገባቸውም መሰለኝ አለ። ኃላፊያችን አዋ ግን «አትንኩት። እንደለጠፉት ይቀመጥ» አለችው። አዋ ከቡርኪና ፋሶ የመጣች፣ ሰው ሲናገር ስልኳን የማትነካ ሴት ነበረች። ያን ቀን ወደድኳት። ዛሬም አልጠላኋትም፤ ብጠላት ይቀለኝ ነበር።

ሴቶቹ እኔን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ካመኑኝ በኋላ ግን እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚጠባበቁ አየሁ። አንዷ ዓርብ ከቀረች ይደውሉላታል። ስልኳ ከተዘጋ በማግስቱ ማለዳ እትዬ ብርቄና ሁለት ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው አሠሪዋ በር ላይ ይቆማሉ። መርዶ ይዘው መምጣታቸው ነው።

«አክስቷ ዘይነባ አረፈች» ትላለች እትዬ ብርቄ፤ የምታውቀው ሶማልኛ ይህን ያህል ነው፤ ሌላው ለቅሶ ነው። የቤቱ እመቤት የቱንም ያህል ክፉ ብትሆን ሞት ትፈራለች። «ኢና ሊላሂ» ትላለች፣ ልጅቷን ትጠራለች፣ ለሐዘን ቀናት ፈቅዳ ትለቃታለች። ልጅቷም እየጮኸች ትወጣና አትመለስም። አክስት ዘይነባ የምትባል ሰው በዓለም ላይ የለችም። ስሟን ሴቶቹ ሁሉ ስለሚያውቁት ከእነሱ የሚደነግጥ አልነበረም። ለክርስቲያኗም ለሙስሊሟም አክስት እሷው ነበረች።

አንድ ጊዜ እትዬ ብርቄን «ይቺ ምስኪን ስንቴ ነው የምትሞተው?» አልኳት።

«እስኪበቃን ነዋ!» ብላ ሳቀች። «እኛ ስንሞት ማን ይጠይቀናል? እሷ ትሙትልን እንጂ።»

አዋ ይህንን አታውቅም ነበር። አልነገርኳትም፤ ቢሮ ከገባ ይወጣል። ለእኔም ቢሆን ሴቶቹ የነገሩኝ እንደ ቢሮ ሰው አይተውኝ ሳይሆን የአገራቸው ልጅ ስለሆንኩ ነው።

ከዚያ ድርጅቱ ያዘጋጀው ስብሰባ መጣ። አየር ማቀዝቀዣው ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሰፈር ተወካዮች፣ አንድ የፖሊስ መኮንን፣ የሴቶች ማኅበር ሰዎችና አሠሪዎች ሳይቀሩ ተጠሩ። አዋ ስለ ሴቶቹ ባለሙያ እንዲናገር አልፈለገችም። «ራሳቸው ይናገሩ» አለች። እትዬ ብርቄ መድረክ ላይ ወጣች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም ጀመርኩ።

ስለ ውሃ ወረፋውና ስለ መንገድ መብራቱ ስትናገር አዳራሹ አጨበጨበ። በሕይወቷ ሙሉ «ዞር በይ» ስትባል የኖረች ሴት ናት። ጭብጨባው ሲደገም ፊቷ በራ። አንዱ ከታች «ራሳችሁን በምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ተረጎምኩላት።

«እኛማ መላ አለን» አለችና ጀመረች። ነጠላውን፣ ሻሹን፣ ለቅሶውን፣ አክስት ዘይነባን ሁሉንም ዘረገፈችው። በዓይኔ ብጠቅሳት፣ ክርኗን ብነካት የምትሰማ አልሆነችም።

እኔም ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩምና «ሐዘን ሲደርስባቸው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ።

ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የሰፈር ተወካይ አቶ ሮብሌ ድሬዳዋ ያደጉ ሰው ናቸው። አማርኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል። «ኧረ ራሔል! እሷ መች እንዲህ አለች?» አሉ እየሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። ጨዋታ ወዳጅ ናቸው፤ ጥሩ ጨዋታ በከንቱ ሲቀር አይወዱም። ወደ አዳራሹ ዞረው በሶማልኛ አንድ ጊዜ፣ በፈረንሳይኛ አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠሪዎቹም ሳቁ። አዋም ሳቀች፤ እንዲያውም ስብሰባውን ስትዘጋ «እውነተኛ ጥበብ ማለት ይህ ነው» አለች።

በሚኒባስ ስንመለስ እትዬ ብርቄ እጄን ይዛ «ጭብጨባውን ሰማሽ አይደል ራሒ?» አለችኝ።

«ሰማሁ» አልኳት። ደስታዋን እያየሁ ስለ አሠሪዎቹ አላነሳሁባትም።

አዋን በማግስቱ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ተናገርኳት። «አሠሪዎቹ እዚያው ነበሩ» አልኳት። መጀመሪያ «ሴቶቹ እውቅና ያስፈልጋቸዋል» አለች። ቀጥላ ደግሞ «አሁንማ ስብሰባው ላይ የተመረጠ የደህንነት ኮሚቴ አለን፤ የፖሊስ መኮንኑም ስልኩን ሰጥቶናል። ከእንግዲህ በውሸት መርዶ መሄድ ላያስፈልጋቸው ይችላል» አለች። ከልቧ ነበር።

ዓርብ ሉባባ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። የጎረቤት ዘበኛ ልጅቷን ከፎቅ ላይ ከተዘጋ ክፍል ስታለቅስ እንደሰማት፣ እመቤቲቱም እንደምትደበድባት ላከብን። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔም ሰደርያዬን አውልቄ አብሬያት ሄድኩ።

በማግስቱ ማለዳ ደረስን። እትዬ ብርቄ በሩን አንኳኩታ ማልቀስ ጀመረች። እመቤቲቱ በትንሿ በር ብቅ ብላ ነጠላችንን አየች። ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ።

«ዘይነባ ናት?» አለች በሶማልኛ። «ዛሬም ሞተች?»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ለሌላ ሰው ስትነግርና ሲሳሳቁ ይሰማናል። እትዬ ብርቄ ለቅሶዋን ትታ «ሉባባ!» ብላ በዚያ ድምፅዋ ጮኸች።

«እትዬ! እዚህ ነኝ! ላይ ነኝ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከፎቁ መጣ። የቪላው ዘበኛ ገፍቶ አባረረን። መንገድ ላይ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ወተፈችው።

ኮሚቴውን ጠራን። መኮንኑ በጨዋ ደንብ አዳመጠንና «የመኖሪያ ወረቀት አላት?» አለ። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት የሚባል ኖሯትም አያውቅ። «እንግዲያው ከገባሁ ይዣት መውጣቴ ነው። ከዚያ ድንበር ትሸኛለች» አለ። አዋ እዚያ ቤት ከምትቆይ ትሸኝ አለች። እትዬ ብርቄ «ለምን እሷን አንጠይቃትም? የአባቷን ዕዳ ልትከፍል ነው በረሃውን በእግሯ አቋርጣ የመጣችው» አለች። የምንጠይቃት ልጅ ግን ተዘግቶባታል። ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ቀይ ክብ፣ ያ ሁሉ «ሰዎቹን ጠይቁ» በአንድ የብረት በር ቆመ።

አቶ ሮብሌ ሰምተው መጡ። ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። «በእኔ አፍ ነው» አሉ፤ እኔም አላስተባበልኳቸውም። የቤቱን አባወራ በሩቅ ያውቁት ኖሮ ጫት መቃሚያው ድረስ ሄደው ለመኑት። ሰውየው «ዓርብ ትወጣለች፤ ቃሌ ነው» አላቸው። ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ነውና እንጠብቅ ተባለ። ጠበቅን።

ለሉባባ ግን የነገራት አልነበረም። እኛን ስናንኳኳ ሰምታለች፣ ስንባረርም ሰምታለች። ዓርብ ሳይደርስ የአልጋ ልብስ ቋጥራ ከሰገነቱ ለመውረድ ሞከረች። ቋጠሮው ተፈታ። የወደቀችው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ነፍሷ ወጥታ ነበር። ልብስ ስታሰጣ ነው የወደቀችው ተባለ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ ወሎ ላሉት የሰፈሯ ሼህ ደወልኩና ለእናቷ በወጉ እንዲያረዱልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ጎረቤት ሰብስበው ማለዳ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። በዚያን ማለዳ እትዬ ብርቄ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። እናቷ ነበሩ። ድምፃቸው የረጋ ነው።

«ራሔል ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ምነው ልጄ ሰዉን ሁሉ ሰብስባችሁ አስደነገጣችሁኝ? ደጄ ላይ ድንኳን ሊተክሉ ነው እኮ። እኔ እንደሁ አውቄዋለሁ። ከክፉ ሰው ቤት ለማውጣት ሞት ታወራላችሁ አሉ፤ ልጄ እየሳቀች አጫውታኛለች። በሉ አሁን ወጥታ እንደሆን አገናኙኝ። ድምጧን ልስማና እነዚህን ሰዎች ልሸኛቸው።»

ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ። እንደዚያ ከብዶኝ የማያውቅ ቃል ግን በራሴው ቋንቋ ልናገር ሆነ። «እማማ፣ የአሁኑ እውነት ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። «እሷን ስጭኝ» አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። «ግድ የለም፣ የተኛች እንደሆን ስትነሳ ትደውል» ብለው ዘጉት። እናቷ ሬሳው ድንበሩን ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ እንዳላለቀሱ ሼሁ ኋላ ነገሩኝ።

አዋ ውሏ ሳያልቅ ለቀቀች። እኔ ግን እዚያው ሥራ ላይ ነኝ፤ ወረቀትም እዘረጋለሁ፣ ቀይ ክብም አድላለሁ፤ የሚፈራውን ሰው መጠየቅ ትክክል ነውና። አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። ሰዎች ራሳቸውን በምን እንደሚጠብቁ ሲነግሯችሁ ሰምታችሁ በሆዳችሁ አስቀሩት። አዳራሽ ውስጥ ከመነገሩ በፊት አዳራሹ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ እዩ።