የወተቱ ስእለት

ሎሚ ሻጯ ጂቪ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። በእጇ አንድ ያረጀ ነጠላ ጫማ ይዛለች።

«ካካ! ኧረ አጎቴ፣ ይቁሙ!»

አዛውንቱ ራሲክላል ቆመው ወደ ታች ተመለከቱ። ግራ እግራቸው ባዶ ነው። ጫማው መቼ እንደ ወለቀ አላወቁም። የሕንዷ ከተማ የባቫናጋር አስፋልት በዚያ ቀትር ይፋጅ ነበር። ጂቪ ተንበርክካ ውስጥ እግራቸውን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችና ጫማውን አጠለቀችላቸው። ዋጋ ይስጣት።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ማንጁላ ውስጥ እግራቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል አየች።

«ዛሬ ጫማዎ ጥሎዎት ሄደ፤ ነገ ደግሞ እኔ ነኝ» አለች። ቁስሉን ግን ቀስ ብላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው።

ራሲክላል የስኳር በሽታ ክኒናቸውን ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ሳያዛንፉ፣ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ከእራት ጋር ውጠዋል። ሥጋና እንቁላል ነፍስ ያለውን ሁሉ ላለመጉዳት እንደሚጠነቀቁት የጃይን እምነት አባቶቻቸው ቀምሰው አያውቁም። ከሁለት ዓመት በፊት የእግር ጣቶቻቸው ሲደነዝዙ ሰው ሁሉ «ስኳሩ ነው» አለ። እሳቸው ግን የቆየ ኃጢአት መስሏቸው በሚያከብሯቸው የጃይን መነኩሲት ፊት ተሳሉ፤ ለአንድ ዓመት ወተት፣ እርጎና ቅቤ ላይቀምሱ፣ ሲድኑም የፓሊታናን ቅዱስ ተራራ በባዶ እግር ሊወጡ። ድንዛዜው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ስእለቱን በአንድ ዓመት አራዘሙ። አሁን እጃቸውም ደንዝዞ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል።

በማግስቱ ማንጁላና ይህን የሚጽፈው ጎረቤታቸው ደግፈው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሟ የደም ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ስኳሩ ብቻ አይደለም፣ ካካ። ክኒኑ ጠቅሞዎታል፤ አሁንም አያቁሙት። ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውን ቪታሚን ከምግብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ለእርስዎ ያ ቪታሚን የሚገባበት በር ወተት ነበር። እሱንም ዘጉት።»

«በገዛ እጄ?» አሉ ራሲክላል።



«የቪታሚኑን መርፌ ዛሬ እንጀምር» አለች ሐኪሟ። «የተጎዳ ነርቭ ብዙ ከቆየ አይመለስም።»

ራሲክላል በሐኪሟ እጅ ያለውን ቀይ የመድኃኒት ብልቃጥ ትክ ብለው አዩ። «ከምንድን ነው የተሠራው?»

ሐኪሟ መዋሸት አልሆነላትም። «በዓይን ከማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን።»

«ረቂቅም ነፍስ ነው፣ ልጄ።»

«አሁን ደግሞ ስለ ጀርም ሊያለቅሱ ነው!» አለች ማንጁላ። «እኔስ? ነፍስ የለኝም? ማን ደግፎ ያኑረኝ?»

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ሲወጡም መርፌውን አልተወጉም። ደረጃው ላይ ማንጁላን ተደግፈው ቆሙ። እግራቸው መሬቱን ፈልጎ አጣው።

ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ስእለቱን መፍታት የሚችሉት መነኩሲቷ ብቻ ናቸው። በሥርዓታቸው ስልክ አይነኩም፤ ዛሬ ሲሆር መንደር አርፈዋል፣ ነገ በእግራቸው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የእኔ እጅ ብዕር አይዝልኝም። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ስለ ረቂቆቹም እንዳትደብቅ። ስለ ማንጁላም ጻፍ። ደግሞ በፖስታ አትላከው። አንተው ይዘህልኝ ሂድ፣ አሁኑኑ።»