ወንድሜ እምቢ ያለው ወተት

እኛ ነገሌ ቦረና ያደግን ሰዎች ወተት ጢስ ጢስ ካላለን ወተት አይመስለንም። ሌላው አፍንጫውን ይይዛል፤ ይያዝ! በወይራ ጢስ የታጠነ ጮጮ ውስጥ ያደረ ወተት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ልጅ እያለሁ ግን ይኸው ወተት ቤታችንን አንድ ቀን ሙሉ ጭንቅ ውስጥ ከትቶት ነበር።

አባቴ የጦሩ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ያን ሰሞን ለግዳጅ ወደ ጠረፍ ወጥቷል። እናቴ በወባ ወድቃ በወታደር መኪና ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ፣ እኔንና ገና ዳዴ ማለት የጀመረውን ወንድሜን ጎረቤታችን አዴ ሎኮ ተረከበችን። አዴ ሎኮ ቦረና ናት፤ ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት። አማርኛዋ ከ"ና" እና ከ"ብላ" አያልፍም። ወንድሜን ታቅፋ እያንጎራጎረች ከጮጮዋ ስታጠጣው፣ ፍንድቅ እያለ ይጠጣላት ነበር። ልጅ ለሳቀለት ነው ይሉ የለ!

እናቴ ከወር በላይ ቆይታ፣ አገግማ ስትመለስ ልጁ አላወቃትም። እጇን ስትዘረጋለት ጮኾ አዴ ሎኮ አንገት ላይ ተጠመጠመ። እናቴ ደሟ ፈላ። መንጭቃ ወሰደችውና ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ጡቷ በሕመሙ ደርቋል፤ ወተት አፍልታ፣ ስኳር ጨምራ ሰጠችው። ተፋው። ደግማ ሰጠችው። አፉን ገጠመ። "እማዬ፣ የአዴን ወተት ነው የለመደው" ብላት፣ "ዝም በይ! በጢስ ወተት የሚያድግ ልጅ የለኝም!" ብላ አምባረቀችብኝ። የጎንደር ሰው ናት፤ እልኳ አይጣል ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድሜ ማልቀሱንም ተወው። ከንፈሩ ደረቀ፣ ዐይኑ ጎደጎደ፣ አንገቱ ተዝለፈለፈ። ሊሞትብን ነው አልኩ። እናቴ ድንገት ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ታቅፋው ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። አዴ ሎኮ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። በአገሩ ወግ ሰላምታ ሳይቀድም ነገር አይጀመርምና "አካም? ናጋ?" አለቻት፤ ደህና ናችሁ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። ሁሌ "ናጋ" ብላ የምታልፈው እናቴ፣ "ናጋ የለም፣ እቴ! ናጋ የለም!" ብላ ተንሰቀሰቀች።

አዴ ሎኮ ብድግ ብላ ጮጮዋን አመጣች። ልጁን ትቀበላታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጮጮውን እናቴ እጅ ላይ አኖረችላት። ራሷ ልጁ እንዳያያት ከእናቴ ጀርባ ጎንበስ ብላ ያን የለመደውን እንጉርጉሮ ጀመረች። ወንድሜ ጆሮውን ጣለ። ሽታው ሲደርሰው ከንፈሩን አላቀቀ። አንድ ሁለቴ ጎንጨት ሲያደርግ እናቴ "እሰይ የኔ ጌታ! እሰይ!" እያለች እንባዋ ይወርድ ነበር።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አዴ ሎኮ በየቀኑ ራቅ፣ ራቅ እያለች ታንጎራጉራለች። ቆይቶ ያለሷም ይጠጣ ጀመር። አንድ ቀን በዳዴ እሷን አልፎ እናቴ ጭን ላይ ወጣ። አዴ ሎኮ እልል አለች፤ ወዲያው ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እኔ ደስታዬ በልጦብኝ ምን ሆነች ብዬም አላሰብኩ።

ዛሬ ወተቱ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ከጎረቤት ጋርም የምንተዋወቀው በመኪናችን ነው። ባለፈው ወር ልጄ ከዐረብ አገር ተመልሳ፣ በእጄ ያሳደግኳትን የልጅ ልጄን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ትንሿ ቀሚሴን ይዛ ስታለቅስ፣ "ሂጂ፣ እናትሽ እኮ ናት" ብዬ ያባበልኳት እኔው ነኝ። መኪናው ውስጥ ገብታ እናቷን አቅፋ ሳቀች። እኔም "እሰይ!" ብዬ እጄን አውለበለብኩና ገብቼ በሬን ዘጋሁ።