እትዬ ሙሉ ሙቅ ውሃ ሲጋብዙ

ከቦሌ የወጣሁበት ማታ እናቴ ከልክ በላይ አለቀሰች። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ «ልጁ አሜሪካ ገብቶ ተጠራጣሪ ሆነ» እንደምትሉኝ አውቃለሁና ከዚያ ልጀምር። ጥርጣሬውን ያመጣሁት ከቦሌ ነው እንጂ ከአሜሪካ አይደለም። ሻንጣዬን እየገፋሁ ዞር ስል እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ በሁለት ሴቶች ተደግፋለች፤ እህቴ ሰናይት መሬት መሬት ታያለች። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ይህን ያህል እወደዳለሁ እንዴ ብዬ እጄን እያውለበለብኩ ገባሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። አከራዮቼ እትዬ ሙሉና ባለቤታቸው ጋሼ ኃይሉ፣ ከኋላቸውም የማላውቃቸው አራት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። አጎቴ፣ ያሳደገኝና መኪና መንዳት ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም፣ ማረፉን ነገሩኝ። መቼ ብዬ ስጠይቅ እኔ በበረርኩበት ቀን ቀትር ላይ ነው አሉኝ። እናቴ ቦሌ ላይ ያለቀሰችው ለወንድሟ ነበር። ለእኔ ምን ያህሉ እንደደረሰኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንብኝ ማን ሞቶ ይሆን እላለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ፣ አልለቀቀኝም።

እትዬ ሙሉ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ካለው ቤታቸው የኋለኛውን ክፍል አከራይተውኛል። እኔ ሚራክል ማይል የሚባለው ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ እውላለሁ፤ ማታ ስገባ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ያኔ ሻወር ውስጥ ገብቼ ሙቅ ውሃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ገና ዓይኔን ከመጨፈኔ በሩ ይደበደባል።

«ሱራፌል! ለአንተ ብቻ ነው እንዴ የሚሞቀው?»

«አሁን ገባሁ እኮ እትዬ!»

«ሰምቼሃለሁ፣ ሁለት ዘፈን ጨርሰሃል።»

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ ባለፈው የካቲት ክፍሌ ድረስ መጥተው «አላስካ እንሂድ፣ ፍል ውሃ እንታጠባለን፣ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወጣውን ብርሃን፣ ኖርዘርን ላይትንም እናያለን» ያሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በሳቀ ነበር፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጃችን ለሦስት ሰው ቡክ አድርጋ ነበር። እሷን ሥራ ያዛት። ሶ፣ የእሷ ትኬት ተረፈ፤ ሪፈንድ የለውም አሉ።»

«በእሷ ስም አይደል እንዴ ትኬቱ?»

«አስተካክላዋለች አልኩህ። ዕረፍት ጠይቅ በቃ።»

የአውሮፕላን ትኬት ስም እንደማይቀየር የማላውቅ መሰልኳቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ባላሰብኩበት ነበር። ነገር ግን የእናቴ ስልክ ተዘግቶ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሰናይትን ስጠይቃት «እማዬ እግሯን አሟት ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ስደት ላይ ልጅ ያለው ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው። ሁለት ሳምንት ጠበል ይቆያል፣ ከዚያ ስልኩ ይበላሻል፣ ከዚያ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ።

ለምን አልጠየቅካቸውም ትሉኝ ይሆናል። ከጠየቅኩ ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ እትዬ ሙሉ ለብርዱ ብለው ወፍራም ካፖርት ገዝተው ሰጡኝ። ጥቁር ነው።

«ሌላ ቀለም አልነበረም?»

«ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም። ምን አደረገህ?»

ኤርፖርት ላይ ፈታሹ የእትዬ ሙሉን ቦርሳ ከፍቶ አንድ ከረጢት ዱቄት አወጣ። ምንድን ነው አላቸው፣ በሶ ነው አሉት። በሶ ምንድን ነው አለ፣ ገብስ ነው አሉት። ገብስ ለምን ዱቄት ሆነ ሲል «ስለፈጨሁት» ብለው ተቆጡት። ሰውየው በጓንቱ እየነካካ ሲመረምር እኔ ደግሞ በበኩሌ እመረምር ነበር። ለሁለት ቀን ሽርሽር ይህን ያህል በሶ ምን ያደርጋል? ለቅሶ ለሚቀመጥ ሰው ካልሆነ በቀር። ፈታሹም እኔም ሳናምን አሳለፍናቸው።

ከአላስካዋ ከተማ ከፌርባንክስ በጠባብ መኪና ከሌሎች ስምንት ቱሪስቶች ጋር በበረዶ መሀል ተነዳን። አስጎብኚያችን ጢማም ፈረንጅ ነው፤ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል፣ ግን ይስቃል። የምሽቱን ፕሮግራም ነገረን። መጀመሪያ ፍል ውሃ እንገባለን፤ ከዚያ በየክፍላችን እናርፋለን፤ ብርሃኑ ሰማይ ላይ ሲወጣ በየበሩ እየዞረ ያንኳኳል። የማንኳኳቱን ነገር ስሰማ ጋሼ ኃይሉን አየኋቸው። ጋሼ ኃይሉ በመስኮት ያዩ ነበር።

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ ፍል ውሃ ይወስደኝ ነበር። ወረፋ እንጠብቃለን፣ ተራችን ሲደርስ ገብተን በሩን እንቆልፋለን፣ ገንዳው የእኛ ብቻ ነው። እዚህ ግን ገንዳው እንደ ኩሬ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣሪያ የለው፣ በር የለው፤ ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት አንድ ላይ ተነክሮ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ይነጋገራል። እንፋሎቱ ፀጉራችን ላይ በረዶ ይሆናል። እትዬ ሙሉ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ሊገቡ ሲሉ አስጎብኚው ከለከላቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ የዋና ልብስ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«እኔ በስልሳ አምስት ዓመቴ ጭኔን ለአንተ ላሳይ?» አሉ በአማርኛ፤ ወደ እኔ ዞረው «ኦኬ በለው፣ እግሬን ብቻ እነክራለሁ» አሉ።

ካፖርታቸውን እንደለበሱ ዳር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ነከሩ። ስልኬን አስጎብኚው ውሃ ይገባበታል ብሎ ሳጥን ውስጥ አስቆልፎብኛል። ይህንንም ልብ አልኩ። ትንሽ ቆይተው እትዬ ሙሉ እንዲህ አሉኝ፦

«ታጠብ፣ ታጠብ። እዚህ ውሃ አያልቅም። እንደልብህ።»

በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳን እንደልብህ ብለውኝ አያውቁም። የገንዳው ውሃ ያቃጥላል፣ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

«አይዞህ» አሉ ደግሞ። «ጠውልገሃል።»

አለቀ፣ አልኩ በሆዴ። እናቴ ሞታለች። ጋሼ ኃይሉ እስከ አንገታቸው ተነክረው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ለእኔ የሚነግሩኝን ቃል እየመረጡ መሰለኝ። እንባዬን በፍል ውሃው ታጠብኩት።

ክፍሌ ገብቼ ካፖርቱን እንደለበስኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን መልሰውልኛል፤ ወደ እናቴ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ወደ ሰናይት ልደውል ስል እጄ እምቢ አለ። አምስት ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ሙሉና ጋሼ ኃይሉ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ ጋሼ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ፈረንጆቹ ብርድ ልብስ ደርበው በዝምታ ቆመዋል።

«ና ውጣ ልጄ» አሉ ጋሼ ኃይሉ፣ ቀስ ብለው።

«አውቄዋለሁ! አትንገሩኝ! እናቴን! እናቴን!» ብዬ በረዶው ላይ ወደቅኩ።

ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ እንዳትስቁ። እትዬ ሙሉ ስልክ ተደውሎልኝ የሰማሁ መሰላቸው። «ወይኔ ጓደኛዬን! ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ጋሼ ኃይሉ ግድግዳ ተደግፈው ተንሰቀሰቁ። አስጎብኚው በርከክ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞህ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ብዙ ሰው ያለቅሳል። ሲያዩት ከአቅም በላይ ነው።»

ቀና ስል ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል። ከጋራ እስከ ጋራ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል። አስቀየመኝ። እናቴ ሞታ ምን ያስጨፍረዋል አልኩ።

«መቼ ነው የሞተችው?» አሉኝ እትዬ ሙሉ እያለቀሱ።

«እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ!»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

«ታዲያ ካፖርቱስ? ትኬቱስ? እንደልብህ ያሉኝስ?»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ትኬቱን እኔ ነኝ የገዛሁት» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታርፍ ሳይህ አሳዘንከኝ። በቀጥታ ብልህ አፈርኩና ተረፈ አልኩህ።»

አላመንኳቸውም። እዚያው በረዶው ላይ እንደተቀመጥኩ ለሰናይት ደወልኩ። አዲስ አበባ ረፋድ ነው።

«እማዬ? አሁን ከአውቶቡስ ወርዳ ገባች። እግሯን እየታጠበች ነው።»

«ስጪኝ።»

«እየታጠበች ነው እኮ የምልህ።»

«በእግዜር፣ ስጪኝ!»

ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ከዚያ «ሄሎ? ሱራዬ?» አለች እናቴ። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሷ ግን ከኋላዬ የእትዬ ሙሉን ለቅሶ ሰማች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም እማዬ። አንቺ የሞትሽ መስሎኝ ነው።»

«ውሸትህን ነው። ካሜራውን ክፈት።»

ከፈትኩ። ፊቴን ካየች በኋላ ደህና መሆኔን ላሳያት ስልኩን ወደ ሰማይ አዞርኩት።

«ይኼ አረንጓዴ መጋረጃ ምንድን ነው? ኦፕራሲዮን ክፍል ነህ? እውነቱን ንገረኝ!»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። እስክታምነኝ ድረስ ቆሜ ተራመድኩላት፣ እጄንም እግሬንም አሳየኋት። ስትረጋጋ አራት ዓመት የቆየውን ጠየቅኳት።

«የአጎቴን ለምን ቦሌ ላይ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?»

«አልሄድም ነበር።»

«ታዲያ።»

«እሺ፣ የአንቺን ግን እንዳትደብቁኝ። በስልክ ይነገረኝ። ማይልኝ።»

«የእኔንማ ለሙሉ ገና ድሮ ነግሬያታለሁ» አለች፣ የቤት ዕቃ አደራ እንደምትሰጥ ሰው ተረጋግታ። «መኪና እየነዳ እንዳትነግሪው፣ ሳይበላም እንዳትነግሪው ብያታለሁ። መጀመሪያ ይብላ።»

እትዬ ሙሉን አየኋቸው። ያን ጊዜ ቀና ብለው ሰማዩን ማየት ጀመሩ፤ እኔን ላለማየት ብዙ ሰዓት አዩት።

ፌርፋክስ ከተመለስን ወዲህ የሻወር በር ድብደባው ቀጥሏል። ሲደበድቡብኝ ደስ ይለኛል፣ ሰላም ነው ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ትናንት ከሥራ ስገባ እትዬ ሙሉ ወጡን አሙቀው፣ ወንበር ስበው፣ «ቁጭ በል፣ መጀመሪያ ብላ» አሉኝ። እጄን ሳልታጠብ ወደ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ሊቋረጥ ሲል ተነሳ።

«አለሁ» አለች እናቴ፣ ሄሎ እንኳን ሳትል። «ሂድ ብላ።»