ቼክ አድርጉ

ሐሙስ የእረፍት ቀኔ ነበር። ቀትር ላይ ዙህር ከሰገድኩ በኋላ ስልኩን መስገጃው አጠገብ አኑሬ እጠብቃለሁ፤ እማማ የሚደውሉት ያኔ ነው። ፊታቸውን አይቼው አላውቅም። እሳቸው ፕሌዘንተን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ እኔ ሳን ሆዜ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ያገናኘን ኦክላንድ ያለ አንድ የቅመማ ቅመምና የሽሮ ሱቅ ነው። የሱቁን ዌብሳይት የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ በስልክ የሚመጣው ትእዛዝም ወደኔ ስልክ እንዲዞር ተደርጎ ነበር።

ዌብሳይቱ ላይ ያለው የማዘዣ ፎርም የሚቀበለው ካርድ ብቻ ነበር። እማማ ደግሞ ካርድ አይዙም። «ወለድ ያለበትን ነገር ቦርሳዬ ውስጥ አላስገባም» ይላሉ። ስለዚህ ይደውሉና ከቼካቸው ግርጌ ያለውን ቁጥር ያነቡልኛል፤ እኔ ጽፌ ለባለሱቁ አስተላልፋለሁ። መጀመሪያ ዘጠኝ አሃዝ ያለው የባንኩ ቁጥር፣ ቀጥሎ የሒሳባቸው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ... ልጄ፣ ምሳ በላሽ?»

«በልቻለሁ እማማ።»

«ምን?»

«ሳንድዊች።»

«እሱ ምሳ ነው? እሱማ የምሳ ማስታወቂያ ነው። የቱ ጋ ደርሰን ነበር?»

ዜሮ ላይ ደርሰናል እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ዘጠኝ ቁጥር ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። የሚያዙት ሁልጊዜ ያው ነው፤ ግማሽ ፓውንድ ሽሮ። ለምን እንዲህ ትንሽ በትንሽ እንደሚያዙ ጠይቄያቸው አላውቅም። በሌሎቹ ቀናት አማርኛ ከአፌ የሚወጣው ለብቻዬ ሳወራ ነበር። ቢሮ ውስጥ ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ማታ ደግሞ ኪችኑን የምንጋራው ሰዎች ፍሪጁ ላይ የለጠፉልኝን ወረቀት አነባለሁ። «እባክሽ መጥበሻውን እጠቢ» ይላል። መጥበሻው የኔ አልነበረም፤ ግን አጥበዋለሁ።

አንድ ቀን ባለሱቁ ደወለ። «እህቴ፣ ይሄ የስልክ ነገር ይብቃን። ፎርሙ ላይ የኤሌክትሮኒክ ቼክ ኢንተግሬት አድርጊልኝ። ሰዉ ቁጥሩን ራሱ ያስገባ። ሲያልቅ የስልኩን መስመር እንዘጋዋለን።»

«እሺ» አልኩት። ለምኑ እሺ እንዳልኩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ቼኩን ወደ ባንክ የሚያስተላልፈው ድርጅት መመሪያና መሞከሪያ ቁጥር ላከልኝ። የቼክ ሥዕል ሣልኩና ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ በቀስት አሳየሁ። በእንግሊዝኛው ሥር አማርኛውን ጻፍኩ። ሙከራ ላይ አንድ ፓውንድ ኮረሪማ ለራሴ አዘዝኩ፤ ተቀባይ በሚለው ቦታ የምሞላው ሌላ ሰው ስም አልመጣልኝም። በሳምንት የሚያልቀው ሥራ ሦስተኛ ሳምንት ገባ። የቀስቱን ቀለም ስቀይር ነበር። አንድ ቀን ፈጅር ሰግጄ እጄን እንዳነሳሁ ዱዓው አልወጣ አለኝ። የሰው ደሞዝ እየበላሁ ሥራውን ማጓተቴ አማና መብላት፣ የታመኑበትን ማጉደል ነበር። የዚያኑ ጠዋት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ፎርሙን ለቀቅኩት።

በነጋታው እማማ ደወሉ፤ መስመሩ ገና አልተዘጋም ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ፎርም ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጄ ሥራ ሳትሄድ ኮምፒውተሩን ከፈተችልኝ። ሁሉን ሞላሁ። ከታች ‹ቼክ አድርጉ› ይላል። ቼክ አደረግሁ፤ ስሜም ልክ፣ ቁጥሬም ልክ። ነካሁት። አሁንም ‹ቼክ አድርጉ› ይላል። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ቼክ አደረግሁና ነካሁት። በሦስተኛው ስነካው ‹ይሄ ሰውዬ አያምነኝም እንዴ?› አልኩ።»

ጆሮዬ ጋለ። እኔ መላኪያው ቁልፍ ላይ «ቼክ አድርጉ» ብዬ የጻፍኩት «በቼክ ክፈሉ» ለማለት ነበር። አርባ ጊዜ አንብቤው አንድም ቀን በእማማ ጆሮ አልሰማሁትም። «ተቀብለናል» የሚለው ምላሽ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ አላዩትም። ሦስት ቼክ ሄዷል። ወዲያው ለባለሱቁ ደወልኩ፤ ወደ ባንክ ሳያልፉ ሁለቱን ሰረዛቸው። እኔ ደግሞ ቃሉን «ክፈሉ» ብዬ ቀየርኩት፤ አንዴ ከተነካም እንዲጠፋ አደረግሁ።

በሱቁ መስመር ለእማማ መልሼ ደውዬ እንደተስተካከለ ነገርኳቸው፤ አፉ እንዲሉኝም ለመንኳቸው።

«አላህ ይጨምርልሽ። በቃ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

«ኧረ እማማ፣ አንድም ቀን አላስቸገሩኝም።»

«እሱ የአስተዳደግሽ ነው» አሉና ዘጉ።

ሰኞ መስመሩ ተዘጋ። እማማ የሚያውቁት የሱቁን ቁጥር እንጂ የኔን አይደለም። የሳቸው ግን በድሮ ትእዛዞቻቸው ላይ ሁሉ ነበረኝ። ሁለት ሐሙስ ከዙህር በኋላ አወጣሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። ቁጥሩ የተሰጠኝ ለዕቃው ነው፤ ለናፍቆቴ አልተሰጠኝም። ደግሞስ ምን ብዬ? «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት» ይባላል እንዴ ለማያውቁት ሰው?

በሦስተኛው ሐሙስ የእማማ ትእዛዝ በፎርሙ መጣ። አንዴ ብቻ ተነክቷል። ስማቸው ልክ ነው። ዘጠኙ ቁጥር ልክ ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። አድራሻውም ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ቼክ አደረግሁት። ስህተት ባገኝ የምደውልበት ምክንያት ይኖረኛልና ስህተት ፍለጋ ነበር።

መጠኑ ላይ ደረስኩ። ሽሮ፣ ዐሥር ፓውንድ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። በሰው ስህተት ማመስገን ነውር መሆኑ ትዝ ያለኝ ስልኩ መጥራት ከጀመረ በኋላ ነው።

«እማማ፣ ከሱቁ ነኝ። ዐሥር ፓውንድ ይላል፤ ግማሽ ለማለት ነው አይደል?»

«አይ ልጄ፣ ልክ ነው። ድሮስ ግማሽ ፓውንድ ሽሮ ለማን ይበቃል? ስልኩን ብዬ ነበር እንጂ። አሁን ስልኩ ከሌለ በየሳምንቱ ምን ያነካካኛል? አንዴ ገዝቼ ላስቀምጥ ብዬ ነው።»

በመስኮቱ በኩል የፍሪዌዩ መኪኖች ድምፅ ይገባል።

«አለሽ?»

«አለሁ እማማ።»

«ሌላስ ቼክ የምታደርጊው ነገር አለ?»

ፎርሙ ፊት ለፊቴ ነበር፤ አንድም እንከን የለበትም። ልክ የሆነውን እንደገና ማየት ግን ሐራም አይደለም።

«የባንኩን ቁጥር» አልኩ።

«ቆይ መነጽሬን ላምጣ።»

«ቀስ ብለው» አልኳቸው።